ሰማያዊው ነበልባል

ሳይሚ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ቤቷ ሐይቅ ዳር፣ ሳውና ከሚባለው፣ እሳት ተነዶ ከሚሞቀው የጭስ መታጠቢያ ቤት ፊት ለፊት ነው። እግሯ አንድ ቦታ አያርፍም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ አግዳሚውን በተረከዟ ስትደበድብ ስንቴ ገሥጫታለሁ! እናንተ ግን እንደሱ አታደርጉም፤ አይደል?

አንድ ቅዳሜ የእናቷ አክስት እማማ ሂልማ ከጠዋት ጀምረው ሳውናውን ሲያነዱ ዋሉ። ጭሱ ቤቱን ሞልቶ በግድግዳው ቀዳዳ ወጣ። እንጨቱ ፍም ሲሆን ሳይሚን ጠሩ።

«እኔ ስንታጠብ ገላችንን የምንመታበትን ቅጠል ልቆርጥ ነው። አንቺ በሩ ላይ ሆነሽ ፍሙን ጠብቂ። ሰማያዊ ነበልባል እያለ ቀዳዳውን እንዳትዘጊ። ከሱ የሚወጣው አየር ሽታ የለውም፤ ግን ሰው አፍኖ ይገድላል። ፍሙ አመድ ሲለብስ ያን ጊዜ ዝጊው።»

«እሺ እማማ።»

«እሺ ማለትማ ቀላል ነው። ቁጭ ማለቱ ነው እንጂ!»

ሳይሚ ተቀመጠች። ተነሣች። ደግሞ ተቀመጠች። የአጎቷ ልጅ ቬይኮ ከጀልባው ላይ ተጣራ።

«ሳይሚ! ልሄድ ነው! እንቁላል ታቅፈሻል እንዴ?»

ፍሙን አየችው። ሰማያዊው ነበልባል ብቅ ጥልቅ ይላል። «ትንሽ ነው፤ ራሱ ይጠፋል» አለች። ቀዳዳውንም በሩንም ዘግታ ሮጠች።

ጀልባው ላይ ደስ ያላት ይመስላችኋል? የለም። ዓይኗ ከዳር አልነቀል አለ። ወዲያው እማማ ሂልማ ባልዲ ይዘው ወደ ሳውናው ሲሄዱ አየች። መቀመጫውን ከጥላሸት ሊያጥቡ ነው።

«ቬይኮ፣ መልሰኝ!»

«ገና አሁን መጣን እኮ!»

«መልሰኝ አልኩህ!»

በሩ ላይ ደረሰችባቸው።

«እማማ፣ አይግቡ!»

«ምነው?»

ሳይሚ እውነቱን ሸሸገች። «እ... እባብ አለ።»

«እባብ? ታዲያ እሱም ይታጠባላ፤ ቅዳሜ ለሁሉም የመታጠቢያ ቀን ነው!» ብለው ሳቁና ገቡ።

ሳይሚ ወዲያ ሄደች፤ ወዲህ ተመለሰች። ይቆጡኛል ብላ ፈራች። ቆየች። በመጨረሻ ውስጥ ባልዲ ሲወድቅ ሰማች።

«እማማ! ሰማያዊው ሳይጠፋ ነው የዘጋሁት!» ብላ እየጮኸች በሩን በረገደችው። እማማ ሂልማ ግድግዳውን ይዘው ይንገዳገዳሉ። እጃቸውን ጎትታ አወጣቻቸው።

ሣሩ ላይ ብዙ ተነፈሱ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፉ።

«እባብ የለም እማማ» አለች ሳይሚ እያለቀሰች። «እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

«እባብስ ነበር» አሉ ራሳቸውን ይዘው። «ምላስሽ ላይ ነበር። አሁን ወጣ፤ ይቅር ብዬሻለሁ።»

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ በሩና ቀዳዳው ተከፍቶ ሙቀቱ ሁሉ ወጣ፤ እሳቱም እንደገና ነደደ። «አሁንስ ፍሙን ማን ይጠብቅ?» ቢባል፣ እማማ ሂልማ «እሷው» አሉ።

ሲመሽ ቤተሰቡ ፎጣውን ይዞ በሩ ላይ ተሰበሰበ።

«ጠፍቷል፣ ዝጊው!» አለ ቬይኮ።

«ኧረ በረደን ልጄ!» አለ አባቷ።

ሳይሚ አጎንብሳ አየች። ከጥግ አንዲት ሰማያዊ ነበልባል ብልጭ አለች።

«ገና ነው አባዬ» አለች፤ ከቦታዋም አልተነቃነቀችም።

ልጆች፣ አደራ ሲሰጣችሁ እስከ መጨረሻው ጠብቁ፣ ካጠፋችሁም ሳይረፍድ እውነቱን ተናገሩ።