የሮዊና ቀሚስ ደረቅ ነበር

ኮይ የዋጠውን ውሃ እያስታወከ ያለቅሳል። ዋይሊን ጀርባውን በመዳፏ እየመታች «ተንፍስ! ኮይዬ፣ ተንፍስልኝ!» ትለዋለች። የስድስት ዓመቱ ወንድሟ መተንፈሱን ስታረጋግጥ ቀና ብላ ወንዙን አየች። ውሃው ላይ ማንም አልነበረም።

«ሉቬኒያስ?»

ሮዊና ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ቆማ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭናለች።

«ሮዊና! ሉቬኒያ የት ሄደች?»

«አሁን... አሁን እኮ እዚያ ነበረች...»

ዋይሊን ከነልብሷ ዘላ ገባች። ደጋግማ ጠለቀች። እጇ የሚይዘው ጭቃና የዛፍ ሥር ብቻ ነበር።

ሁሉም የሆነው እንጆሪ ለመልቀም ቁጥቋጦው ውስጥ በገባችበት አፍታ ነው። ኮይን ለጓደኛዋ ለሮዊና አደራ ብላት ነበር። ሮዊና ግን ራዲዮዋን ከፍታ ተጋድማ ነበርና ልጁ ተንሸራቶ ሲገባ አላየችውም። ዋይሊን ጩኸት ሰምታ ቁልቁል ስትሮጥ፣ ከወዲያ ማዶ ዓሣ ታጠምድ የነበረችው ሉቬኒያ ኮይን ከፊቷ እየገፋች ወደ ዳር ስታመጣው አየች። ክንዱን ተቀብላ ጎተተችው። ሉቬኒያም ተከትላ የምትወጣ መስሏት ነበር።

ከዚያ በጋ በፊት የሃርሊን ከተማ ልጆች ወንዝ አይወርዱም ነበር፤ ገንዳ ነበራቸው። ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ አብረው ይዋኙ ሲል ግን የከተማው ሹማምንት ገንዳውን በአፈር አስደፈኑት። አፈሩን በጭነት መኪና ካመላለሱት አንዱ የዋይሊን አባት ነው። ከዚያ ወዲህ ነጮቹ በወዲህ፣ ጥቁሮቹ በወዲያ ዳር ሆኑ። ማንም አልደነገገውም፤ ማንም አይሻገርም።

ስለዚህ ዋይሊንና ሉቬኒያ ጓደኛሞች ነበሩ ማለት አይቻልም። ብቻ የሐብሐብ ፍሬ ማን አርቆ ይተፋል እያሉ በውሃው ማዶና ማዶ ይፎካከሩ ነበር።

«ያንቺን ፍሬ እንቅልፍ ወሰደው እንዴ? መንገድ ላይ ቀረ እኮ!» ትላለች ሉቬኒያ።

«አፍሽን ዝጊና ትፊ!»

«አፍ ተዘግቶ እንዴት ነው የሚተፋው? እናንተ ትምህርት ቤት ይህን ነው የሚያስተምሩት?»

በሳቅ ይፈርሱ ነበር።

አመሻሹ ላይ ሰዎች አስከሬኗን አወጡ። የወረዳው ፖሊስ አዛዥ፣ ሸሪፉ፣ ሮዊና ፊት በርከክ ብሎ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አንቺ ነሽ ልጁን ያወጣሽው?» ሲላት፣ ሮዊና በአዎንታ አንገቷን ነቀነቀች። አባቷ ሚስተር ግሪር፣ የጡብ ፋብሪካው ባለቤት፣ አቅፏት አለቀሰ። ዋይሊን ከራስ ፀጉሯ እስከ እግሯ ውሃ ይንጠባጠብባታል። የሮዊና ቀሚስ ግን ደረቅ ነበር። ይህ ለማንም ዐይን የሚታይ ነገር ነው። ያየ ግን የለም፤ ወይም ማየት የፈለገ የለም። ዋይሊን ኮይን አቅፋ ወደ ቤት ወሰደችው።

ያየችውን የተናገረችው ቤት ከገቡ በኋላ ነው።

አባቷ ሹካውን አስቀመጠ። «እርግጠኛ ነሽ?»

«በዐይኔ አየሁ አባዬ። ኮይን ያዳነችው ሉቬኒያ ናት።»

«ልጅቷ ሞታለች፣ ዋይሊ። ብትናገሪም አትነሳም።»

«ሮዊና ግን ዋሸች!»

«የምንኖርበት ቤት የማን ነው? የግሪር። እኔን የሚቀጥረኝስ? ግሪር።» ድምፁን ከፍ አድርጎ ጀመረና መጨረሻው ላይ ተሰበረበት። «ነገ ቢያባርረኝ እናንተን ይዤ የት ልውደቅ?»

እናቷ ያንኑ ሳህን ደጋግማ ታጥባለች። ጠረጴዛው ስር የተቀመጠው ኮይ ብቅ አለ።

«እማ፣ ያቺ ልጅ እስካሁን አልወጣችም?»

ሳህኑ ከእናቷ እጅ ወደቀ።

በማግስቱ ዋይሊን ሮዊናን ከእነ ግሪር ቤት በስተጓሮ አገኘቻት። ሌሊቱን ስታለቅስ ማደሯ ከፊቷ ያስታውቃል።

«ለምን እኔ ነኝ አልሽ?» አለች ዋይሊን።

«እኔ መቼ አልኩ? ሸሪፉ ነው የጠየቀኝ። ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ። ከዚያ ሁሉም ያቅፈኝ ጀመር...» አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገች። «አባዬ እንደዚያ አቅፎኝ አያውቅም፣ ዋይሊ።»

«ሂጂና አሁን ንገሪያቸው።»

«ምን ብዬ? ተኝቼ ነበር ብዬ? እሁድ አደባባይ ላይ ሜዳሊያ ሊሰጡኝ ነው እኮ! ከንቲባው ራሱ ነው የሚሰጠኝ!»

«የሉቬኒያ እናትስ?»

ሮዊና መሬት መሬት አየች። «አንቺ የማን ጓደኛ ነሽ?» አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ።

ዋይሊን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የሮዊና ጓደኛ ነበረች። አብረው ኩፍኝ ወጥቶባቸዋል። ሰው ሲስቅባት ተቆጥታ የምትከራከርላት ሮዊና ነበረች። ዋይሊን ፊቷን አዙራ ሄደች።

እሁድ ከሰዓት አደባባዩ ሞላ። ማርሽ ባንዱ ይነፋል፤ የሎሚ ጭማቂ ይታደላል። ኮይ ለሮዊና የሚሰጠውን አበባ ይዞ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ቆሟል። እናቱ ፀጉሩን በውሃ ለጥፋለታለች።

«ስሰጣት ምን ልበል?» አለ ኮይ።

«አመሰግናለሁ በል» አለችው እናቱ፣ ፊቱን ሳታየው።

«ለምኑ?»

ዋይሊን ወንድሟን አየችው። ከዚያ እጁን ያዘች። «ና» አለችው። በሕዝቡ መሀል ሲወጡ አባቷ አያቸው። አፉን ከፈተ። የሚጠራት መስሏት ጠበቀች። አባቷ ግን ባርኔጣውን አውልቆ ዳርቻውን በጣቶቹ እያሻሸ አንገቱን ደፋ።

የባቡር ሐዲዱን ተሻገሩ። ከሐዲዱ ወዲያ ያለው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ጥቁር የለበሱ ሰዎች ተሰብስበዋል። ቀብሩ አልቆ ለቅሶ እየደረሱ ነው። ሁለቱን ነጭ ልጆች ሲያዩ ወሬው ቆመ። አንድ ሽማግሌ መጥቶ ፊታቸው ቆመ።

«ጠፍታችሁ ነው፣ ልጆች?»

«የሉቬኒያን እናት ፈልገን ነው።»

እናቷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር። የሁለት ሴቶች ክንድ ደግፏታል። ዋይሊን በዚያች ከተማ ነጭ ልጅ ጥቁር አዋቂን አክብሮ ሲጠራ ሰምታ አታውቅም። አፏ ላይ የመጣላት ግን የአክብሮት ጥሪ ነበር።

«ወይዘሮ ቲልማን፣ ልጅዎ... ወንድሜን ያዳነችው ልጅዎ ናት። ሮዊና አይደለችም። እኔ አይቻለሁ። እኔ እሱን ስጎትት ነው እሷ...»

ወይዘሮ ቲልማን አላለቀሰችም። ኮይን አየችው። ቀስ ብላ አገጩን በጣቷ ቀና አደረገችው።

«አንተ ነህ?»

ኮይ ራሱን ነቀነቀ።

«ምን አለችህ? የተናገረችው ነገር አለ?»

«በእግርህ ምታ አለችኝ። እኔ ስመታ ደግሞ ጎበዝ፣ እንደ እንቁራሪት አለችኝ።»

እዚህ ላይ እናቲቱ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ከጎኗ ያለችው ሴት «ታናሽ ወንድሟንም ስታስተምር እንዲያ ነበር የምትለው» አለች ለማንም ሳይሆን። ኮይ የሚያደርገው ቢጠፋው አበባውን ወይዘሮ ቲልማን ጉልበት ላይ አስቀመጠው።

ወይዘሮ ቲልማን ለቅሶዋ ጋብ ሲል ዋይሊንን አየቻት። ዐይኖቿ ውስጥ ቁጣም ምሕረትም አልነበረም፤ ድካም ብቻ ነበር።

«ሸሪፉ በሬ ላይ ቆሞ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ልጅሽን ብትቆጣጠሪያት ኖሮ አለኝ። እንደ ባለጌ፣ የማይገባት ቦታ ገብታ ነው የሞተችው አለኝ።» ትንፋሿን ሳበች። «አሁን የነገርሽኝን ለእሱ ነግረሽዋል?»

«አልነገርኩም።»

«ለሌላስ ሰው?»

«ለአባቴ።»

«እኔ ብናገር ማን ይሰማኛል?» አለች ወይዘሮ ቲልማን። ሴቶቹ ደግፈው ወደ ውስጥ አስገቧት።

ዋይሊን ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች። ሽማግሌው «ሂዱ እንግዲህ፣ ሰው ሳያያችሁ» አላቸው። ድምፁ ክፋት አልነበረውም።

ሐዲዱ ጋ ሲደርሱ ሙዚቃው እንደገና ተሰማ። በግራ ያለው መንገድ ወደ ቤት ይወስዳል። ዋይሊን አባቷን አሰበች፤ ግቢያቸውን አሰበች፤ ዕቃቸው በጭነት መኪናው ላይ ተቆልሎ ታያት።

«ወደ ቤት ነው የምንሄደው?» አለ ኮይ።

«አይደለም።»

«የት ነው ታዲያ?»

ዋይሊን ያላበውን ትንሽ እጁን አጥብቃ ያዘች። ሸሪፉ ከመድረኩ አጠገብ እንደሚሆን ታውቃለች፤ ሕዝቡ ሁሉ እዚያ ነው። ሮዊናም እዚያ ናት።

«የሆነውን ልንናገር» አለችውና በቀኝ በኩል ወዳለው የአደባባዩ መንገድ ታጠፈች።