የጃር ሽታ

መፍጫው አንዴ አጓርቶ ጸጥ አለ። የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ ወጥ ቤቱን ሞላው። ንጎኔ ክዳኑን ከፈተች። ቡናው ግማሹ ዱቄት፣ ግማሹ ፍሬ ነው። ከሥሩ ጃሩ፣ ከቡና ጋር አብሮ የሚቆላው ጥቁር ቅመም፣ እንደ እንጨት ስባሪ ምላጩ ላይ ተቀርቅሯል።

«ምነው ዝም አለ?» እናቷ ብቅ አለች።

«መብራት ሄዶ መሰለኝ፣ እማ።»

እናቷ ቀና ብላ የበራውን አምፖል አየች። የእጅ አንጓዋን ያሰረችበትን ጨርቅ አጥብቃ ወጣች።

ከትናንት በስቲያ «ከእንግዲህ ዘነዘና ማንሳት አልችልም» ብላ ገንዘብ ስትሰጣት ያዘዘቻት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «በእጅ የሚዞረውን መፍጫ አምጪ።» ቲየስ ከተማ ገበያ፣ አላሳን ሱቅ ውስጥ ሁለቱም መፍጫዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። ንጎኔ የእጁን አንዴ አዞረችው። ከበዳት። በየማለዳው፣ ከትምህርት ቤት በፊት፣ የማን ክንድ እንደሚያዞረው ታያት። ፈተናው ደግሞ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

«የኤሌክትሪኩን ስጠኝ» አለች።

«ጃር ካለበት አይሆንሽም፣ እህቴ። ያንቀዋል።»

«እኛ ቤት ቡና ብቻ ነው የሚጠጣው።»

«ቲየስ ውስጥ፣ ያለ ጃር? አትፎግሪኛ!» አላሳን ሳቀባት።

ቤት ስትደርስ «የእጁ አልቋል፤ ያልዞርኩበት የለም» አለች።

አሁን ከግቢው የጎረቤታቸው የእትዬ ዲዬናባ ድምፅ ተሰማ። «ዘመናዊው መፍጫ የታለ? ገና በሁለት ቀኑ ጡረታ ወጣ?»

«ልጄን ተያት» አለች እናቷ። «በዚያ ሐሩር ገበያውን ስታስስ ውላ አጥታ ነው።»

ንጎኔ ጆሮዋ ጋለ። የጃሩን ስብርባሪ በቢላ ጫፍ ለቀመች፤ ምላጩን በሎሚ ፈተገች፤ በጨርቅ አደረቀች። ቁልፉን ስትጫነው ዞረ። ካርቶኑ ውስጥ መልሳ «አልተነካም» ብትለው አላሳን ይቀበላት ይሆናል። አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተችው።

ጃር። እንደገና በሳሙና አጠበችው። አሁንም ጃር።

ከውጭ ዱም አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ ዱም። ምቱ የተለመደው አልነበረም፤ ዘገየ፣ ተንገዳገደ። ንጎኔ በበሩ ተመለከተች። እናቷ ያበጠ እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ በግራዋ ትወቅጣለች። እትዬ ዲዬናባ ሄዳለች።

ንጎኔ መፍጫውን አቅፋ ወጣች።

«እማ፣ አላሳን ጋ የእጁ አለ።»

«መጣለት?»

«አይ።» አቀርቅራ መፍጫውን አየች። «ያን ቀንም ነበር።»

ዘነዘናው አየር ላይ ቆመ። እናቷ ረጅም ጊዜ አየቻት፤ ቅድም አምፖሉን እንዳየችው።

«ብናመጣውስ» አለች በመጨረሻ፣ «ማን ሊያዞረው?»

ንጎኔ መፍጫውን መሬት ላይ አስቀመጠችና ዘነዘናውን ከእናቷ እጅ ተቀበለች።