ሁለት ሰው ያላየው ዘፋኝ

ባንዱ አርባ ዓመት ሞልቶታል። ከበሮ መቺው ለወገቡ ትራስ አስደግፎ ነው የሚቀመጠው። ቤዝ ጊታሪስቱ በሁለት ዘፈን መካከል መድኃኒቱን ይውጣል። መሪ ጊታሪስቱም ድሮ እየዘለለ ይወጣበት የነበረውን መድረክ አሁን የደረጃውን መደገፊያ ይዞ ይወጣዋል። ጊታር ካነሱ ግን ያው ናቸው፤ ግድግዳ ይነቀንቃሉ።

ድምፃዊያቸው ከሁለት ዓመት በፊት ጉሮሮው ታሞ ዝም ካለ ወዲህ ከመድረክ ጠፍተው ነበር። ስለዚህ «እሑድ ከሰዓት፣ ከእንግዳ ድምፃዊ ጋር» የሚል ፖስተር ከተማው ውስጥ ሲለጠፍ አድናቂዎቻቸው አበዱ። የእንግዳው ስም ፖስተሩ ላይ አልነበረም።

አድናቂዎቹ ማኅበር አላቸው። ማኅበሩ ደግሞ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ማኅተምና አንድ ጥብቅ ደንብ አለው፤ ኮንሰርት ያየ አባል የተሰማውን በማኅበሩ መዝገብ ላይ ሳያሰፍር ከማንም ጋር ስለ ኮንሰርቱ አያወራም። ደንቡ የወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ጊዜ የጊታር ሶሎው «ስድስት ደቂቃ ነው የፈጀው»፣ «ሰባት ነው» ተባብለው ሁለት ወንድማማቾች ሦስት ዓመት ሙሉ ተኮራርፈዋል። ሊቀመንበሩ፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር፣ «መጀመሪያ ይጻፍ፤ መደባደቡ ይደርሳል» ብለው ወሰኑ።

የማኅበሩ ጸሐፊ ሠላሳ ዓመቷ ነው። ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ናት፤ የሰው ስሕተት ስታሳድድ ትውላለች። በዚያ እሑድ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። የአዳራሹ ጣሪያ መስታወት ስለሆነ ፀሐይዋ በቀጥታ መድረኩ ላይ ትወርዳለች፤ የሚደበቅ ነገር የለም። አምስተኛው ዘፈን ላይ ሽማግሌዎቹ ወደ ኋላ አፈገፈጉና መሃል ላይ አንድ ማይክሮፎን ብቻ ቀረ። ከበሮው ቀስ ብሎ ጀመረ።

ሁለት ሺህ ሰው ባንድ አፍ «ውይ!» አለ።

ጸሐፊዋ አንገቷን አሰገገች። ማይክሮፎኑ ፊት ማንም የለም። ከበሮውን ትሰማለች፣ ጊታሩን ትሰማለች፤ የሚዘፍን ሰው ግን የለም። አጠገቧ የተቀመጠው ግዙፍ ሰውዬ እንባው በአገጩ ይንጠባጠባል። ከፊቷ ያለችው ሴት ሁለት እጇን ወደ ባዶው ዘርግታ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ዘፈኑ ሲያልቅ ሽማግሌዎቹ ወደ ማይክሮፎኑ ዞረው፣ ማንም ለሌለበት ቦታ፣ እጅ ነሡ።

የማኅበሩ አባላት ወጥተው በደንቡ መሠረት ዝም ብለው ጻፉ። እስክሪብቶ ሲንጫጫ ብቻ ነበር የሚሰማው።

በማግስቱ ጸሐፊዋ መዝገቡን ለማኅበሩ ጋዜጣ ልትተይብ ተቀመጠች።

«ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳ ነበር። እኅቴ ከሞተች አሥራ አንድ ዓመት ሆናት።»

«አባቴ ነው። በሕይወቱ አንድ ቀን እንኳ ሲዘፍን ሰምቼው አላውቅም። ቢዘፍን ኖሮ ግን ልክ እንደዚያ ነበር የሚዘፍነው።»

«ባለቤቴ ናት። አሁንም ዜማ ትስታለች።»

ከሁለት መቶ በላይ ገጽ ነው። እያንዳንዱ አንድ ሰው አይቷል፤ ራሱ ያጣውን ሰው። ስልኩን አንሥታ ሊቀመንበሩ ጋ ደወለች።

«የመብራት ጉዳይ ነው፣ ልጄ» አሉ።

«ቀን እኮ ነበር፣ ጋሼ። እርስዎስ ማንን አዩ?»

«ጽፌዋለሁ። አንብቢው» ብለው ዘጉ።

ገጻቸውን ገለጠች። «ተማሪዬ ነበር። ከክፍል ባባረርኩት ዕለት መኪና የገጨው» ይላል፣ በሚያምር የሰሌዳ ጽሑፍ።

ጸሐፊዋ ለምን ምንም እንዳላየች ያን ጊዜ ገባት። በእሷ ቤት ሰው አይሞትም። አባት አለ፣ እናት አለች፣ አጎትና አክስት እንደ አሸን ነው፤ ቅድመ አያቷ እንኳ ጥግ ይዘው በየቀኑ ሰው ያማሉ። ሞት አድራሻቸውን ጥሎታል። ይኼንን ስታስብ ደስ ሊላት ሲገባ ፈራች፤ ገና ያልተከፈለ ዕዳ እንዳለባት ሰው።

ከዚያ የሰማንያ ስምንት ቁጥር አባልን ገጽ አገኘች። «ማንም አልነበረም። ማይክሮፎኑ ግን ለሆነ ሰው ቁመት ተስተካክሎ ነበር።» ከግርጌው «ሥራ፦ የጆሮ ክሊኒክ፣ የመስማት ምርመራ ባለሙያ» ይላል።

*

ክሊኒኩ በር ላይ ስትደርስ ወኔዋ ከዳት።

«ምን ልርዳዎት?» አለ ነጭ ጋዋን የለበሰው ወጣት።

«ጆሮዬን» አለች።

ድምፅ በማያስገባ ትንሽ የመስታወት ክፍል ውስጥ አስቀመጣት። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሲያደርግላት ፀጉሯን እንዳይነካ በጣም ተጠነቀቀ፤ ተጠንቅቆም ነካው። «ድምፅ በሰሙ ቁጥር ይቺን ቁልፍ ይጫኑ። ካልሰሙ አይጫኑ። ለይሉኝታ ብለው እንዳይጫኑ አደራ።»

በሩ ተዘጋ። እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምታ አታውቅም። በመስታወቱ ወዲያ ማዶ ሰውዬው ወረቀት ላይ ጎንበስ ብሏል፤ ዐይኑን አነሣና አያት። እሷም አየችው። አንዱም ዐይኑን አልሰበረም።

ቁልፉን ተጫነች።

ፊቱ ተለዋወጠ። እንደገና ተጫነች። ተነሥቶ በሩን ከፈተ።

«እኅቴ፣ ምን ሰምተው ነው የተጫኑት?»

«ድምፅ ነዋ!»

«ማሽኑን እኮ ገና አላበራሁትም።»

ሁለቱም ማሽኑን አዩት። ጠፍቷል።

«ምን ዓይነት ድምፅ ነበር?»

«ትንፋሽ። ሰው ሊዘፍን ሲል አየር እንደሚስበው።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ሰው እኔን ደስ ለማሰኘት ብሎ ሳይሰማ ይጫናል፤ የተለመደ ነው። ያኔ ግን ሁሉም የሚለኝ “ጢጥ የሚል ነገር ሰማሁ” ነው። ትንፋሽ ያለኝ የለም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔም ሰማሁት። እዚያ ሆኜ እርስዎን እያየሁ።»

«ሰማንያ ስምንት ቁጥር አንተ ነህ?» አለች ሳታስበው።

«እርስዎ… አንቺ ጸሐፊዋ ነሽ?»

«ነኝ። እኔም ማንንም አላየሁም።»

እሷ ያላየችው ማንም ስላልሞተባት ነው። እሱ ግን የሚሞትበት ሰው ስለሌለው ነበር። ያደገው በሕፃናት ማሳደጊያ ነው፤ ከዚያም በኋላ ከማንም ጋር ሥር ሳይሰድ ኖረ። «ድመት እንኳ የለኝም» አለ።

«ድመት ምን አደረገችህ?»

«አሥራ አምስት ዓመት ብቻ ነው የምትኖረው።»

ሳቀች። እሱ ግን እየቀለደ አልነበረም።

*

ፍቅር እንዲህ ያለውን ሰው ሲይዘው እንደ ጉንፋን ነው፤ «አልያዘኝም» ይላል፣ ያስነጥሳል። በየቀኑ ከሥራ መልስ ማተሚያ ቤቱ በር ላይ «በዚህ ሳልፍ ነው» እያለ ይገኝ ጀመር። ክሊኒኩ በከተማው ሌላ ዳር ነው።

«መንገድህ በጣም ጠማማ ነው» ትለዋለች።

«ጆሮሽን ልከታተል ብዬ ነው» ይላታል።

ትንፋሹም ተከተላቸው። ካፌ ውስጥ ሲሳሳቁ ይሰማል። ደረጃ ላይ መጀመሪያ የሳማት ቀን ከጀርባቸው፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ደረት ሞልቶ አየር ሲሳብ ሰምተው ሁለቱም ዞሩ። ግድግዳው ላይ የተረሳ ጃንጥላ ብቻ ተሰቅሏል።

«ሊጀምር ነው» አለ እሱ፣ ከንፈሩ ነጥቶ።

«ይጀምርና ይጨርስ!» አለች። የተናገረችው ግን ለድፍረት ያህል ነው።

እናቷ ወሬው ደረሳቸው። «ይኼ ጆሮ መርማሪ ሊሰማ እንጂ ሊታይ አይወድም እንዴ? አምጪው እንጂ!» አሉ።

ነገረችው። «ስንት ናችሁ?» ብሎ ጠየቃት።

«ከነቅድመ አያቴ አሥራ ዘጠኝ።»

«አሥራ ዘጠኝ!» አለ፣ ክፉ የምርመራ ውጤት እንደተነገረው ሰው። አልሄደም። በሚቀጥለውም ሳምንት አልሄደም።

በሁለተኛው ወር ባንዱ የስንብት ኮንሰርቱን አስታወቀ፤ እሑድ ከሰዓት፣ ያው አዳራሽ፣ ያው እንግዳ ድምፃዊ። ጸሐፊ መቅረት አትችልም። እሱ ደግሞ ብቻዋን አይለቃትም። አዳራሹ በር ላይ ሲደርሱ ክንዷን ይዞ አስቆማት።

«አንድ ነገር ልንገርሽ። ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ። ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነው፤ አውቶቡሱ ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሣል። አንቺን እዚያ መድረክ ላይ ካየሁሽ እሄዳለሁ። አጠገብሽ ቁጭ ብዬ የምትሞችበትን ቀን መጠበቅ አልችልም።»

«አታሟርት!»

«ሟርት አይደለም። ራሴን ስለማውቀው ነው።»

ልትቆጣው ፈለገች። ዐይኑን ስታየው ግን ተወችው። ሰውዬው ፈርቷል፤ መድረኩን ሳይሆን እሷን ነው የፈራው።

*

አምስተኛው ዘፈን ላይ ሽማግሌዎቹ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ፀሐይዋ ማይክሮፎኑ ላይ ወረደች። ከበሮው ቀስ ብሎ ጀመረ፣ ሁለት ሺህ ሰው «ውይ!» አለ፤ ጸሐፊዋም «ውይ!» አለች።

እሱ ነው። ማይክሮፎኑን በሁለት እጁ ይዞ ዐይኑን ጨፍኖ ይዘፍናል፣ ከልቡ እና በጣም መጥፎ አድርጎ። እጁን ዘርግታ አጠገቧ ያለውን ዳሰሰች፤ አለ፣ ክንዱ ይሞቃል። እንደገና ቀና አለች፤ እዚያም አለ።

መጀመሪያ ሞቱ ነው የታያት። ልትጮኽ አፏን ከፈተች። ከዚያ ለዓመታት እንጀራዋ የሆነው ዐይን፣ ገጽ ላይ የጎደለች ነጥብ የማታመልጠው ዐይን፣ ሥራውን ጀመረ። መድረክ ላይ ያለው ሰው ሸሚዝ የዛሬው ሸሚዝ ነው። ዛሬ ጠዋት የተበጠሰችው ቁልፍ እዚያም ተበጥሳለች። ከደረት ኪሱ የደብዳቤ ጫፍ ብቅ ብሏል።

ወደ እሱ ዞረች። ፊቱ ወረቀት መስሏል።

«አየኸኝ አይደል?» አለችው።

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ሊነሣ የወንበሩን ጠርዝ ጨብጧል።

«ምን ለብሻለሁ?»

«ምን?»

«እዚያ ላይ! ምን ለብሻለሁ?»

«ይኼንኑ ቀሚስ።»

«ፀጉሬ ሽበት አለው?»

«የለውም። እንዳሁኑ ነሽ።»

«እኔም አንተን አየሁህ። ከነተበጠሰ ቁልፍህ፣ ከነደብዳቤህ። እስቲ አስበው፤ ሁለታችንም ዛሬ ከሰዓት የምንሞት ይመስልሃል?»

አንድ እጁን አንሥቶ ደብዳቤውን በኪሱ ላይ ዳሰሰ።

«ከመሞት ሌላም ማጣት አለ እኮ። እዚያ ያቆምከን አንተ ነህ፣ አውቶቡሱን ልትይዝ ወስነህ። ሂድ፤ እኔ ከሁለት ሺህ ሰው ጋር እዚህ ቁጭ ብዬ እያለቀስኩ በሕይወት ያለ ሰው ሲዘፍን እሰማለሁ። አንተም እዚያ ሄደህ እኔን ትሰማለህ። ማንም ሳይሞት።»

ከበሮው ቀጠለ። ከኋላቸው አንዲት ሴት ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እሱ የወንበሩን ጠርዝ እንደያዘ ቆየ። ዐይኑ ከመድረኩ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ መድረኩ ተመላለሰ፤ ከሁለት አንዷን መምረጥ እንዳለበት ሰው። ከዚያ ተነሣ።

ጸሐፊዋ በሩን አየች።

ተነሥቶ ግን ወደ በሩ አልሄደም። ጀርባውን ለመድረኩ ሰጥቶ በእሷና በፊተኛው ረድፍ መካከል ቆመና ፊቷን ያይ ጀመር።

ጸሐፊዋ በትከሻው ላይ አሻግራ ተመለከተች። መድረክ ላይ ያለው ሰው ቃሉን ከመሃል አቋርጦ ዐይኑን ገለጠ። እነሱ ያሉበትን ሦስተኛውን ረድፍ አየ። የራሱን ጀርባ አየ። ፊቱ ላይ ቁጣም ሐዘንም አልነበረም፤ የሚሄድበት እንደጠፋው መንገደኛ ትንሽ ግራ ተጋባ። ዐይኗን አርገበገበች፤ ማይክሮፎኑ ብቻ ቀረ።

«ለእኔ ባዶ ሆኗል» አለችው። «ለአንተስ? ዞር በልና እይ።»

«አልዞርም።»

«ትሰማኛለህ? አሁንም እዚያ እየዘፈንኩ ነው?»

የአንገቱ ሥር ይመታል፣ ፀጉሩ ሥር ላብ ችፍ ብሏል። የሆነ ነገር ከጀርባው በስሙ የሚጠራው ይመስል ነበር። አልዞረም።

«ወንድም! መድረኩ እኮ በዚያ ነው!» ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ።

«ቁጭ በልልን! እናቴን ጋረድክብኝ!» አለች ሌላዋ፣ እንባዋን እየጠረገች።

«ይቅርታ እናንተዬ፣ ትንሽ ታገሡኝ» አለ እሱ፣ ዐይኑን ከጸሐፊዋ ሳይነቅል። ጎንበስ አለ፣ ግንባሩ ግንባሯን እስኪነካ። «ከዚህ ስንወጣ እናንተ ቤት እንሂድ። እስከዚያ ግን ዝም አትበይ፤ ከኋላዬ ያለውን እንዳልሰማ አውሪኝ። የቤተሰቦችሽን ስም አንድ በአንድ ንገሪኝ።»

«የሁሉንም?»

«የሁሉንም። ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ሲስቅ ምን እንደሚመስል።»

ሁለት ሺህ ሰው ወደ አንድ አቅጣጫ እያየ ሲያለቅስ፣ ጸሐፊዋ አፏን ጆሮው ላይ አደረገችና ከቅድመ አያቷ ጀመረች።