በባዶው ቦይ የመጣው

ይህን የምጽፈው እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ የራሴን ስህተት ስፈልግ ኖሬ... አላገኘሁትም። የሆነው ግን ሆኗል።

2009 ዓ.ም.፣ ጥር ወር፣ መካነ ሰላም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ፀሐይ በሆስፒታሉ ላቦራቶሪ መስኮት ገብታለች።

ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ከአዲስ አበባ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ተውሼ መጥቼ ነበር። ጣት በምታክል የብርጭቆ ቺፕ ላይ ከፀጉር የቀጠነ ቦይ ተቀርጿል። ቦዩን ፖሊመር ባለበት ዝልግልግ ፈሳሽ ትሞላለህ። ከደም የተጣራ ቢጫ ውሃ ጠብ ታደርግና ኤሌክትሪክ ትለቅበታለህ። ፕሮቲኖቹ በዝልግልጉ ውስጥ ይሽቀዳደማሉ፤ ትንንሾቹ ቀድመው፣ ትልልቆቹ ዘግይተው ይደርሳሉ። እያንዳንዱ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ላይ መስመሩ ጉብ ይላል።

ያሳደጉኝ አጎቴ ሼህ ኑርሁሴን ወገባቸውን ካመማቸው ወራት አልፈው ነበር። ልጆችን ቁርኣን የሚያስቀሩት ተጋድመው ነው። የማጠናው የመቅኒ ካንሰር ደግሞ ወገብ ያሳምማል፤ ጤነኛ ደም ውስጥ የሌለ አንድ ጉብታም ያሳያል። የእሳቸውንም ደም ቀዳሁ።

መሣሪያውን ሳስረዳቸው ሳቁ።

«ያ ሁሉ ሩጫ በዚች ቦይ? ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ በለኛ።»

ጉብታው ታየ። አርባ አንደኛው ሰከንድ ላይ።

ደንቡ እንደሚለው ባዶውን ሞከርኩ፤ ደም የሌለበት፣ ፈሳሹ ብቻ። መስመሩ ቀጥ ማለት አለበት።

አርባ አንደኛው ሰከንድ ላይ... ጉብ አለ።

ደስ አለኝ። ይህን አልደብቅም። ጉብታው የፈሳሹ ቆሻሻ ከሆነ አጎቴ ጤነኛ ናቸው ማለት ነው። ለሕክምና አዲስ አበባ ልወስዳቸው አስቤ ነበር። ተውኩት።

«ምንም የለብዎትም፣ አባባ» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ።

በማግስቱ ፈሳሹን ደፍቼ አዲስ በጠበጥኩ። አዲስ ቺፕ አወጣሁ። ባዶውን ጫንኩ።

ሠላሳ ሦስተኛው ሰከንድ ላይ ጉብ አለ።

ሚዛኑን መረመርኩ። ውሃውን፣ ሙቀቱን። ሁሉም ልክ ነው።

በሦስተኛው ቀን... ሃያ አንድ።

ለማንም አልተናገርኩም። ከዙህር ሶላት በኋላ ቤት ስገባ አጎቴ ዐይናቸውን ሳይገልጡ ጠሩኝ።

«ሙእሚን።»

«አቤት፣ አባባ።»

«ዛሬስ ስንት ላይ ደረሰ?»

«ምኑ?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የሚመጣው።»

በአራተኛው ቀን ዘጠኝ።

በቀጥታ መናኸሪያ ሄድኩ። ደሴ በሚሄደው ሚኒባስ የፊቱን ወንበር ያዝኩላቸው። ሾፌሩ ቸኮል ስሙ እንጂ እሱ ቸኩሎ አያውቅም፤ የዚያን ቀን ግን ፊቴን አይቶ ሞተሩን አስነሳ።

ቤት ስደርስ አክስቴ ፈዲላ በሩ ላይ ቆመዋል። እጃቸው እርጥብ ነበር።

«አትሩጥ» አሉኝ በሹክሹክታ። «አጀላቸው ደርሷል፤ አርፈዋል።»

አላለቀስኩም። ቀበርናቸው። ለቅሶ ሦስት ቀን ተቀመጥን። የመጣው ሰው ሁሉ እጄን ይዞ ያጽናናኝ ነበር፤ ምን እንዳለኝ አንዱንም አላስታውስም።

በአራተኛው ቀን ወደ ላቦራቶሪው ተመለስኩ። ፈሳሹ ያው ነው፤ ያንኑ ጠርሙስ ከፈትኩ። ባዶውን ጫንኩ።

መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ አለ። ንጹሕ።

ከዚያ የአጎቴን ብልቃጥ ከማቀዝቀዣው አወጣሁ። ቢጫው ውሃ እንዳለ ነው። ስማቸው በእጄ ጽሑፍ ተለጥፎበታል። የማንም ሰው ደም፣ ታማሚም ይሁን ጤነኛ፣ መስመሩን ደጋግሞ ያስነሳዋል። ጉብታ የሌለው ደም የለም።

ጫንኩት።

ዘጠኝ... ሃያ አንድ... ሠላሳ ሦስት...

አርባ አንድ...

መስመሩ እንደ ባዶው ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ አለፈ።