ያልገጠምኩት ሁለተኛው ፊልተር

እኔ በሙያዬ ሞተር ጠጋኝ ነኝ፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ፣ አንድ ነገር ከጮኸ የሚጮህበት ምክንያት አለው፣ ምክንያቱ ካልተገኘ ደግሞ ገና ያልፈታሁት ብሎን አለ ብዬ የማምን ሰው ነኝ። ሰው መንፈስ፣ ጥላ፣ ምናምን ሲል እስቃለሁ። ባለቤቴ ፀዳለ «አንተ እኮ ሰይጣን ቢመጣም ካቻቢቴ ይዘህ ነው የምትቀበለው» ትለኝ ነበር። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ሰምታችሁ ብትስቁ አልቀየማችሁም፣ እኔም በእናንተ ቦታ ብሆን እስቅ ነበር።

ፀዳለ አስተማሪ ነበረች። ልጅ አልሰጠንም። የዛሬ ሦስት ዓመት አዲስ አበባ ሄዳ አኳሪየምና አራት ወርቃማ ዓሦች ይዛ መጣች፣ እኛ ራሳችን ሁለት ብርድ ልብስ ደርበን በምንተኛበት አገር ዓሣ! እነሱ ግን ለካ ቀዝቃዛ ውሃ ይወዳሉ፣ ተመቻቸው፣ ወፈሩ፣ የወፈረ ዓሣ ደግሞ ውሃ ያቆሽሻል። ክርክራችን የጀመረው ያኔ ነው። እሷ መብራት ሲጠፋ ውሃውን እያጣራ አየር የሚሰጣቸው፣ በባትሪ የሚሠራ ሁለተኛ ፊልተር ይጨመር ትላለች፣ እኔ አንዱ ይበቃል እላለሁ።

«የዚህን ከተማ መብራት እያወቅክ? አንዱ ሲያቆም የሚደርስላቸው ሌላ ይኑር እንጂ።»

«ለራሳችን የምንጠጣው ሳይጣራ ለዓሣ ሁለት ማጣሪያ?»

«እልኸኛ!»

እልኸኛ ነበርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ «በሚቀጥለው ወር» እያልኩ አሳለፍኳት። ከዚያ ታመመች፣ ሆስፒታል ተኝታ እንኳን ስገባ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «ዓሦቹስ?» ብላ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ቀበርናት።

ለቅሶ ቤት ውስጥ መቼም ቴሌቪዥን አይከፈትም። አክስቷ እትዬ ዘነበች ከአንኮበር መጥተው የቀብር ዕለት ጠዋት ወንበሩን አስወጥተው ፍራሽ ሲያስነጥፉ፣ ቴሌቪዥኑን በነጠላ ሸፈኑት፣ ማንም እንዳይነካካው ብለውም ዲቫይደሩን ከግድግዳው ነቀሉት። የፊልተሩ ገመድ እዚያው ዲቫይደር ላይ ነው የተሰካው። እሳቸው ይህን በምን ያውቃሉ፣ እኔስ በምን ልቤ አያለሁ።

ሦስት ቀን ለቀስተኛ ስቀበል የፊልተሩ ድምፅ ከጥግ ይሰማኝ ነበር፣ የእሷ ነገር ስለሆነ እንዲያውም ያጽናናኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። የእኛ ፊልተር ድምፁ ወፈር ያለ ነው፣ ውስጡ ስለተበላ ይንገጫገጫል፣ ይሄኛው ግን ቀጭን ነው፣ ለስላሳ፣ የአዲስ ሞተር ድምፅ። ኀዘን ጆሮንም ያደነቁራል ብዬ ተውኩት።

በሣልስቱ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ ድንኳኑ ፈርሶ፣ ሰው ተበትኖ፣ ከቀትር በኋላ ነው፣ ጉሙ መስኮቱ ድረስ ወርዶ ቤቱን አጨልሞታል። እትዬ ዘነበች «ጌታሁን፣ ልጄ፣ ያ የሚያንጎራጉረው ምንድን ነው? ነቅዬው አልነበር እንዴ?» አሉኝ።

«የዓሦቹ ነው፣ እትዬ» አልኩ። «ነቅዬው» ያሉት ዘግይቶ ገባኝና ተነሳሁ። የዲቫይደሩ ሶኬት መሬት ላይ ወድቋል። ፊልተሩን በእጄ ነካሁት፣ እመኑኝ፣ ጭራሽ አይንቀጠቀጥም። ድምፁ ግን አለ፣ ውሃውም በወዲያኛው ጥግ፣ ምንም በሌለበት ጥግ፣ በቀስታ ይፍለቀለቃል፣ አራቱም ዓሦች እዚያ ተሰብስበዋል። ውሃው ደግሞ ዛሬ የተቀየረ ይመስል ጥርት ብሏል።

ሶኬቱን መልሼ ሰካሁት። የእኛው አሮጌ ተንገጫግጮ ተነሳ። ቀጭኑ ድምፅ ወዲያው አልጠፋም፣ ፈረቃ ሲቀየር ወጪው ለገቢው እንደሚያስረክበው ትንሽ አብረው ሠሩና ከዚያ ቆመ። ሦስት ቀን በሰው ፊት እምቢ ያለኝ ልቅሶ ያኔ ወጣልኝ።

ከዚያ ወዲህ መብራት በሄደ ቁጥር ይመጣል። ግድግዳውን፣ ቧንቧውን፣ የጎረቤትን ጣሪያ ሳይቀር ፈትሻለሁ፣ ምንም። እትዬ ዘነበች ለአርባዋ ሲመጡ ነገርኳቸው። አልሳቁም።

«ገዝተህ ግጠምላት እንግዲህ። ሥራ የያዘች ነፍስ እንዴት ብላ ታርፋለች?»

በማግስቱ አዲስ አበባ ሄጄ ገዛሁት፣ ሁለት ዓመት የከለከልኳትን በአንድ ቀን። ግን አልገጠምኩትም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከገጠምኩት መምጣቷን ትተዋለች ብዬ ነው። ካርቶኑ እንደታሸገ አኳሪየሙ ሥር ሁለት ወር ተቀመጠ። በዚህ ከተማ መብራት ሲሄድ ደስ የሚለው ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ መብራት ሄደ፣ ድምፁ መጣ፣ ግን ደከም ብሏል፣ ይቆራረጣል። የደከመ ሞተር ድምፅ እኔ አላጣውም። በራሴ አፈርኩ። ቢላ አምጥቼ የካርቶኑን ፕላስተር ስቀደው ድምፁ ቀጥ አለ።

«ፀዳለ፣ ቆዪ፣ ገና አልገጠምኩትም!» አልኩ ጮክ ብዬ። ካርቶኑን መልሼ ዘጋሁት፣ በአዲስ ፕላስተር አሸግኩት፣ ጠበቅኩ። አልተመለሰም።

ከዚያ በኋላ መብራት ሁለቴ ሄዷል። ድምፅ የለም። ዓሦቹ ግን ያን ባዶ ጥግ ሄደው አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ይጠብቃሉ፣ እኔም ወንበር ስቤ አብሬያቸው እጠብቃለሁ። ትናንት ትንሿ በጎኗ መንሳፈፍ ጀመረች። እያየሁ አልገጠምኩትም፣ ይህን ስናገር አፍራለሁ።

ዛሬ ጠዋት ስነሳ ካርቶኑ ከአኳሪየሙ ሥር ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ያሸግኩት ፕላስተር ተቀዷል፣ ቢላው አጠገቡ ተቀምጧል። ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም። እስካሁን አልነካሁትም፣ ከሥራ መልስ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ነው ይህን የምጽፍላችሁ፣ መብራቱ ደግሞ ብልጭ ድርግም ማለት ጀምሯል።