የፀሎት ተራ አስከባሪ

«በእኔ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል እኮ» አለች ፀሎት፣ ለአራተኛ ጊዜ።

«በክለቡ ኮምፒውተር ላይ ግን አይሠራም።» ሙሐሲን ስክሪኑን አሳያት። ያው ቀይ ጽሑፍ ወጥቷል፤ «ፊደል» የሚባል ፋይል አላውቅም ይላል። «ፋይሌን ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ ጻፍኩት። በቃ፣ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

«በደንብ ጻፈዋ።»

ሙሐሲን ቦርሳውን አንስቶ ወጣ።

ካዛንቺስ ባለው የኮምፒውተር ክለብ ሁለቱ የሠሩት ፕሮግራም ለስምንተኛ ክፍል ተፈታኞች መለማመጃ ነው። ነገ ቅዳሜ በትምህርት ቤታቸው ቤተ መጻሕፍት ለተማሪዎችና ለወላጆች ቀርቦ ይጫናል። የተጻፈው ሊስፕ በሚባል የቆየ የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ አስተማሪያቸው ቲቸር ተከስተ ከሊስፕ ሌላ ያለው ቋንቋ ቋንቋ አይመስላቸውም። ፋይሎቹ ሦስት ናቸው። «ፈተና» ከ«ጥያቄ» በኋላ፣ «ጥያቄ» ደግሞ ከ«ፊደል» በኋላ መጫን አለበት። ይህን ቅደም ተከተል የሚጠብቀውን መሣሪያ የጻፈችው ፀሎት ናት። ስሙን «ተራ አስከባሪ» ያለችውም እሷው ናት። ትኮራበታለች፤ እንዲያውም ከሚገባው በላይ።

ፕሮግራሙ ረቡዕ ዕለት አልነሳም ሲል፣ ፀሎት ብዙም ሳታጣራ በክለቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ችግሩ የሙሐሲን ፋይል ነው» ብላ ጻፈች። ቀዩ ጽሑፍ የሚወጣው «ፈተና» ሲጫን ነበር፤ «ፈተና»ን የጻፈው ደግሞ እሱ ስለሆነ ሁሉም አመነ። ቲቸር ተከስተም ነገ ፕሮግራሙን የማቅረቡን ዕድል ከእሱ ወስደው ለእሷ ሰጧት። ልጁ ከዚያ ወዲህ ሲጽፍ ሲያጠፋ ሰነበተ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነበት።

ፀሎት ወደ ቂርቆስ የሚሄደው ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመች። ከፊቷ አንዲት ሴት፣ ከሴትየዋ ፊት ደግሞ ከዘራ የያዙ አዛውንት ነበሩ። ሴትየዋ ስልክ ተደወለላትና ሰልፉን ጥላ ሄደች። ታክሲው ሲመጣ፣ ሐሳቧ ቀዩ ጽሑፍ ላይ ስለነበር ፀሎት አዛውንቱን አልፋ ቀጥ ብላ ወደ በሩ ሄደች።

«የት ነው እህት?» አላት ተራ አስከባሪው።

«ከሴትየዋ ቀጥሎ ነበርኩ። እሷ ሄደች።»

«እሷ ብትሄድ ከእሷ ፊት የነበሩት አባትም አብረዋት ሄዱ እንዴ?»

ሰልፈኛው ሳቀ። ፀሎት ግን በቆመችበት ደርቃ ቀረች። «ጥያቄ» ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩ እንዲያሠራው አስቀድሞ የሚዘጋጅ ኮድ የለውም። ስለዚህ የእሷ ተራ አስከባሪ «ሥራ የለህም» ብሎ ከሰልፉ ያስወጣዋል፤ ከእሱ ፊት ማን እንደነበረ ግን አይጠይቅም። «ፈተና» ከፊቱ የሚጠብቀው ሲያጣ «ፊደል»ን ቀድሞ ይገባል።

ከሰልፉ ወጥታ አንድ ሕንፃ ደረጃ ላይ ተቀመጠችና ላፕቶፗን ከፈተች። ከዚህ በፊት ተዘጋጅተው የተቀመጡትን ቅጂዎች በሙሉ አጥፍታ ፕሮግራሙን አስነሳችው። ቀዩ ጽሑፍ በእሷም ላይ ወጣ። እስከ ዛሬ የሠራላት የ«ፊደል» አሮጌ ቅጂ ላፕቶፗ ላይ ስለነበረ ብቻ ነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው። አፈረች።

ማምለጫ ነበራት። በሙሐሲን ፋይል አናት ላይ «‹ፊደል›ንም ጠብቅ» የሚል አንድ መስመር ብትጨምር ይበቃል። ሰው ሁሉ ሙሐሲን ረስቶት፣ ፀሎት አስተካከለችው ይላል። መስመሩን ጻፈችው። ሠራ። ትንሽ አየችውና አጠፋችው።

ከዚያ የራሷን መሣሪያ ከፈተች። አንድ ፋይል ሲዘለል ከፊቱ የነበሩት ሁሉ ለኋለኛው እንዲተላለፉ ማድረግ አለባት። የመጀመሪያው ሙከራ ማለቂያ የሌለው ዙር ውስጥ ገባ። ሁለተኛው «ፊደል»ን ሁለቴ ጫነ። በሦስተኛው፣ ባትሪው አሥር በመቶ ሲቀረው፣ ስክሪኑ ላይ ወረፋቸውን ጠብቀው ወጡ፤ ፊደል፣ ጥያቄ፣ ፈተና። የተዘጋጁትን ቅጂዎች ሁሉ አጥፍታ ደገመችው። አሁንም ሠራ።

ቴሌግራም ላይ የረቡዑን መልእክቷን ፈለገች። ማጥፋት ትችል ነበር። እናቷ ነገ ልጇ ስታቀርብ ለማየት ከሥራ ፈቃድ ጠይቃለች። ቢሆንም እዚያው መልእክት ሥር ጻፈች፦

«ተሳስቻለሁ። ችግሩ እኔ የጻፍኩት ተራ አስከባሪ ነው፤ አሁን አስተካክዬዋለሁ። የሙሐሲን ፋይል ትክክል ነበር። ቲቸር፣ ነገ እሱ ያቅርብ።»

ሙሐሲን ቆይቶ ለብቻዋ ጻፈላት። «ሦስት ጊዜ አስጻፍሽኝ እኮ።»

«አውቃለሁ። ይቅርታ።»

«ነገ የትኛውን ላምጣ ታዲያ?»

«የመጀመሪያውን።»

ሰልፉ ረዝሞ ጠበቃት። መጨረሻው ላይ ሄዳ ቆመችና ስልኳን አወጣች።

«እማዬ፣ ነገ የማቀርበው እኔ አይደለሁም» አለች። «ቢሆንም ነይ።»