ያልተነካው ቡሎን

ሜካኒክ ሀቢቡ በገዛ ጋራዡ፣ በቀይዋ የስፖርት መኪና ሥር እንደተንጋለለ ሞቶ የተገኘው በአረፋ ዋዜማ ጠዋት ነው። ቡታጅራ በዚያ ሰሞን ለበዓሉ ከአዲስ አበባ በሚጎርፉ ልጆቿ ተጨናንቃ፣ መንገዱ ሁሉ መኪና፣ ደጁ ሁሉ ዘመድ ሆኖ ነበር። ወሬ ግን መንገድ ተዘጋብኝ ብላ አታውቅም። ኢንስፔክተር ወለተጊዮርጊስ ከጣቢያ ተነሥታ ጋራዡ እስክትደርስ፣ ከተማው ጉዳዩን መርምሮና ፈርዶ ጨርሶ ጠበቃት።

«ክሪኩ ከድቶት ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ ኮንስታብል ይድነቃቸው በሩ ላይ ተቀብሏት። «መኪናዋን በክሪክ ብቻ አንሥቶ ሥሯ ገባ፤ ታኮ አላስገባም። ክሪኩ ሲንሸራተት ላዩ ላይ ወረደችበት። የበዓል ጥድፊያ ያመጣው ግድየለሽነት ነው።»

«አጠገቡ ነበርክ?»

«ኧረ እኔስ አልነበርኩም።»

«እንግዲያው ‹ይመስለኛል› በል።»

ወለተጊዮርጊስ ጎንደር ተወልዳ ቡታጅራ ላይ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት። ሰው ሲያወራ እጁን ታያለች፤ ዝም ሲል ደግሞ ፊቱን። ሀቢቡን በደንብ ታውቀዋለች፤ በየጊዜው የምትሞትባትን አሮጌ ፒካፕ ነፍስ የሚዘራባት እሱ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ አዘነች። ከዚያ ሐዘኗን ዋጥ አድርጋ ተንበረከከች።

ሰፈርተኛው መኪናዋን ከላዩ አንሥቶለታል፤ ሟቹ ግን ከተኛበት ካርቶን አልተነሣም። የጭንቅላቱ ኋላ ተፈንክቷል። ደሙ አንገቱ ላይ ደርቋል፤ ካርቶኑ ላይ ግን ጠብታ እንኳ የለም። ከጎኑ የፈሰሰ ዘይት የሚቀበሉበት ሳፋ ተቀምጧል። ጣቷን ነክራ ወደ ብርሃን አወጣችው። ዘይቱ እንደ ማር የጠራ ነው።

አንገቷን አስግጋ ከመኪናዋ ሥር ተመለከተች። በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል፣ ማርሾቹን በሆዱ የያዘው ድቡልቡል ብረት፣ ዲፍረንሻሉ አለ። ከላይ ዘይት የሚሞላበት ቡሎን፣ ከታች ዘይት የሚፈስበት ቡሎን አለው። ሀቢቡ አንድን ቡሎን ካጠበቀ በኋላ ከቡሎኑ እስከ ብረቱ የቢጫ ቀለም መስመር ያሰምርበታል፤ ቡሎኑ ንቅንቅ ካለ መስመሩ ይሰበራል። የእሷም ፒካፕ ሆድ በእነዚህ መስመሮች ያጌጠ ነው። የላይኛው ቡሎን መስመር ሙሉ ነበር። የታችኛው ግን ተፈትቶ ወድቋል፤ ብረቱ ላይ የቀረው የመስመሩ ግማሽ ብቻ ነው።

ታኮዎቹ፣ መኪና እንዳይወርድ ከሥር የሚደገፉት ወፋፍራም እንጨቶች፣ ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል። የመፍቻ ሣጥኑ ተቆልፏል። ቁልፉን ከሟቹ ኪስ አገኘችው።

«ይድነቃቸው» አለች ቀስ ብላ፣ «ማንም ምንም እንዳይነካ።»

ውጭ ሚስቱ ሰፍያ በጎረቤት ሴቶች ተደግፋ ቆማለች። አጠገቧ ሸህ ኡበይድ መቁጠሪያቸውን ይዘው ይጠብቃሉ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሸህ።»

«ወአለይኩም ሰላም፣ ልጄ። ሬሳ አይቆይም፣ ታውቂያለሽ። የዐስርን ሶላት ሰግደን እንቅበረው።»

«አይቀበርም!» አለች ሰፍያ። «‹ግድየለሹ ሀቢቡ› ተብሎ አይቀበርም! ልጆቼ ይሄን ስም ነው የሚወርሱት? ባሌ ታኮ ሳያስገባ እጁን እንኳ ከመኪና ሥር አይሰድም ነበር። እጁ ተበላሸ እያሉ በቁሙ ሲያሙት ከረሙ። አሁን እንኳ አይተዉትም?»

ወለተጊዮርጊስ እጇን ያዘቻት። «እስከ ዐስር ድረስ ታገሡኝ» አለች ለሁለቱም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው።»

የመኪናዋ ባለቤት ዑመይር መርካቶ የሚነግድ የቡታጅራ ልጅ ነው። ባለፈው ለእህቱ ሠርግ፣ ለኒካሁ ሲመጣ መኪናዋ ደህና ነበረች። ሀቢቡ የዲፍረንሻሉን ዘይት ቀየረለት፤ ከዚያ ወዲህ በታጠፈች ቁጥር ከኋላዋ ጉርርር፣ ቋ ቋ ትል ጀመር። ለአረፋ ሲገባ ሕፃናቱ «ዑመይር ወፍጮ ገዛ!» እያሉ አጀቡት። እሱም በንዴት መስጊዱ በር ላይ ሀቢቡን በሰው ፊት ሰደበው። ያን ጊዜ ከተማው ሁሉ ሰምቷል፤ ዛሬ ደግሞ ከተማው ሁሉ በጎሪጥ ያየዋል።

«ሰድበኸዋል» አለችው።

«ሰድቤዋለሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ግን ለዚች መኪና የታዘዘውን ዘይት ከአዲስ አበባ እሽጉን ይዤለት መጣሁ። ትናንት ሰጥቼው በእግሬ ቤቴ ገባሁ። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ደወለልኝና ‹ዝም አሰኝቻታለሁ፤ ነገ መጥተህ አዙራት። የማሳይህም ነገር አለ› አለኝ። ድምፁ ደስታም ንዴትም ነበረው።»

ጥሪው በሟቹ ስልክ ላይ አለ። የተባለውን ግን ስልክ አላስቀመጠውም።

«ይሄን ሲልህ ማን ሰማ?»

«እኔና እሱ።»

«እሱ አይመሰክርልህም» አለች። «ለመሆኑ የዲፍረንሻል ዘይት ሲቀየር መጀመሪያ የትኛው ቡሎን ይፈታል?»

«እኔ ምን አውቄ፣ እትዬ? የቤንዚን መቅጃውን ካወቅሁ ይበቃኛል።»

ሁለተኛው ተጠያቂ ሀያቱ ነው፤ ከሀቢቡ ሥር ሙያ የተማረና አብሮት የሚሠራ ሜካኒክ። ወልቂጤ የራሱን ጋራዥ ልክፈት ብሎ ከተነሣ ወዲህ ከአስተማሪው ጋር ተኳርፈዋል።

«ትናንት የት ነበርክ?»

«እንሴኖ። ለአረፋ የምናርደውን በሬ ልገዛ ሄጄ እዚያው አክስቴ ቤት አደርኩ።»

«ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«ስሰናበተው ‹ሂድ፣ ብቻ ስሜን እንዳታሰድብ› አለኝ። እኔ ደግሞ ‹ስምህማ እዚሁ ተሰድቦ አልቋል› አልኩት። ለጋሼ የተናገርኩት የመጨረሻ ቃል ይሄ ነው፣ ኢንስፔክተር።»

«የመፍቻ ሣጥኑ ቁልፍ አለህ?»

ከኪሱ አውጥቶ አሳያት።

«መጀመሪያ የትኛው ቡሎን ይፈታል?»

«የላይኛው!» አለ ሳያስብ። «ጋሼ ‹መግቢያውን ሳታረጋግጥ መውጫውን አትክፈት› ይለን ነበር። ዘይቱን ካፈሰስን በኋላ የላይኛው አልፈታ ቢል፣ መኪናዋ ያለ ዘይት ተገትራ ቀረች ማለት ነው። አንድ ቀን ተሳስቼ ከታችኛው ብጀምር ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲያሳጥበኝ ዋለ።»

ሦስተኛው ተረፈ ነው። የዘይትና የመለዋወጫ ሱቁ ከጋራዡ ጋር በአንዲት የቆርቆሮ በር ይገናኛል። እሱና ሀቢቡ የረጅም ዘመን ጎረቤት ናቸው፤ በአረፋም ሆነ በመስቀል ለእንኳን አደረሰህ ማንም አይቀድማቸውም ነበር። ወለተጊዮርጊስ ስትገባ ዓይኑ ቀልቶ ተቀምጦ አገኘችው።

«ወንድሜን አጣሁ» አለ። «ትናንት አመሻሽ ላይ ሱቄን ስዘጋ ሥሯ ገብቶ ነበር። ‹ተው፣ ታኮ አስገባ!› ብለው ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ ጋራዡን አልረገጥኩም።»

መደርደሪያዎቹ በዘይት ጋሎን ተሞልተዋል። ግድግዳው ላይ ለሽያጭ የተሰቀሉት መፍቻዎች አቧራ ለብሰዋል። ከአንዱ በቀር። እሱ ተወልውሎ ያብረቀርቃል።

«ይሄን ስንት ትለዋለህ? ለፒካፔ ይሆነኛል።»

«እሱ... እሱ እንኳ ጉድለት አለበት። ሌላ ልስጥዎት።»

«ግድ የለም፣ ይቆየኝ። እኔ ምልህ፣ የዲፍረንሻል ዘይት ሲቀየር መጀመሪያ የትኛው ቡሎን ይፈታል?»

ተረፈ እንደ መሳቅ አለ። «ያው የታችኛው ነዋ! ያለው ሳይፈስ አዲስ ይሞላል እንዴ?»

«ያሳምናል» አለች ወለተጊዮርጊስ፤ አመስግናውም ወጣች።

ዐስር ሊደርስ ሲል ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሟቹ ለትጥበት ተወስዷል። ሰፍያ ከሸህ ኡበይድ አጠገብ ተቀመጠች። ሦስቱ ወንዶች እርስ በርስ ላለመተያየት መሬት መሬቱን ያያሉ።

«ሀቢቡን ክሪክ አልገደለውም» ብላ ጀመረች። «የተመታው ከጭንቅላቱ ኋላ ነው። እዚህ በጀርባው ተኝቶ ቢቆስል ኖሮ ካርቶኑ ደሙን በጠጣ ነበር። ሌላ ቦታ ተመትቶ፣ ደሙ ከደረቀ በኋላ ነው እዚህ ያጋደሙት። ክሪኩን የጣለውም ያጋደመው እጅ ነው።»

ሰፍያ ጉልበቷን ጭምቅ አደረገች።

«ሥራ ላይ ነበር ትሉኛላችሁ። ሥራ ላይ ያለ ሰው የመፍቻ ሣጥኑን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ይከታል? ሀቢቡ ሥራውን ጨርሷል። ሁለቱን ቡሎኖች አጥብቆ ቢጫውን አስምሮባቸዋል፤ ታኮዎቹን መልሷል። ዑመይር እውነቱን ነው። መኪናዋ ዝም ብላ ነበር።»

«ታዲያ ይሄ ሳፋው ላይ ያለው ምንድን ነው?» አሉ ሸህ ኡበይድ።

«እሱ ነው ነገሩ። እዚህ መገኘት የነበረበት ከመኪናዋ የወጣው ጥቁር ዘይት ነው። ይሄ ግን አዲሱ ነው፤ ዑመይር ያመጣው። ገዳዩ ጥቁሩን ይዞት ሄደ። ግን ‹ዘይት ሲቀይር ሞተ› ለማሰኘት ሳፋው ላይ ዘይት ያስፈልገዋል። ስለዚህ የታችኛውን ቡሎን ፈትቶ አዲሱን አፈሰሰው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።»

ወደ ሀያቱ ዞረች። «አንተ ብትሆን ለማስመሰልም ቢሆን እጅህ ወደ ላይኛው ይሄድ ነበር። የላይኛውን ማንም አልነካውም። ሣጥኑም ላንተ ክፍት ነው፤ ይሄ ሰው ግን መፍቻ ከሌላ ቦታ አምጥቷል።» ቀጥላ ወደ ዑመይር ዞረች። «አንተም የታችኛውን ከላይኛው አትለይም። ግን አሮጌ ዘይት ሰርቀህ ምን ይፈይድልሃል? ያንን ዘይት መደበቅ የሚፈልግ አንድ ሰው ብቻ ነው። የሸጠው።»

ሁሉም ተረፈን አዩት።

«እኔ?» አለ ተረፈ እየተነሣ። «በምን ማስረጃ? አሮጌ ዘይት የሚሉትስ የታለ?»

«ደግ ጠየቅህ።» ወደ መኪናዋ ኋላ ሄዳ የዕቃ መጫኛውን ከፈተች። ጥግ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ የውሃ ፕላስቲክ አለ፤ ግማሹ ድረስ ጥቁር ዘይት ይዟል። «ሀቢቡ አሮጌ ዘይት ሲያወጣ ጥቂት ቀድቶ ለባለቤቱ እዚህ ያስቀምጣል፤ ‹ያወጣሁልህን እይ› ለማለት። ደንበኛው የሆነ ሁሉ ያውቃል። አንተ ግን መኪና ኖሮህ አያውቅም፣ ተረፈ።»

ፕላስቲኩን አዘነበለችው። ወፍራም መሆን የነበረበት ዘይት እንደ ውሃ ተንሸራተተ። ሀያቱ አሽትቶ ፊቱን አጨማደደ።

«የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው! በአዲስ ጋሎን ሞልተህ ነው የምትሸጥልን? ስንቱ መኪና ነው የጮኸብን! ጋሼ ለስንቱ ሰው ነው አንገቱን የደፋው!»

ይድነቃቸው ያን ‹ጉድለት ያለበት› መፍቻ አምጥቶ ለኢንስፔክተሯ ሰጣት። ላዩ ተወልውሏል። አፉ ውስጥ ግን፣ ጨርቅ በማይደርስበት ጠርዝ ላይ፣ ቢጫ ቀለም ነበር።

«ቡሎኑን ስትፈታ ቀለሙ ገና እርጥብ ነበር» አለችው።

ተረፈ ቀስ ብሎ ታኮዎቹ ላይ ተቀመጠ። ሲናገር ድምፁ የሰው ድምፅ አይመስልም ነበር።

«ፕላስቲክ መኖሩን አላወቅሁም። ሳፋውን ይዞ በቆርቆሮዋ በር ገባ። ‹ነገ ከሶላት በኋላ፣ በተሰደብኩበት በር ላይ፣ ይሄን ሳፋ ይዤ እቆማለሁ› አለኝ። ለመንኩት። እግሩ ላይ ወደቅሁ። ‹ስሜን ነው የበላኸው፤ ስሜን መልስልኝ› አለኝና ዞሮ ሊወጣ ሲል... መፍቻው እጄ አጠገብ ነበር።»

«ከገደልከው በኋላ እንኳ» አለች ሰፍያ፣ «‹ታኮ አስገባ ብለው ሳቀብኝ› አልክ? ስሙን ሁለት ጊዜ ነው የበላኸው።»

ይድነቃቸው ካቴናውን አወጣ።

ሸህ ኡበይድ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ወደ በሩ ወጡ። ደጁን የሞላው ሰው ወደ እሳቸው ዞረ።

«ስሙ!» አሉ። «ሀቢቡ ግድየለሽ አልነበረም። ሥራውን ጨርሶ፣ አማናውን፣ አደራውን ጠብቆ ነው የሞተው። የተሳሳትነው እኛ ነን። አውፉ በሉት፤ ይቅር በለን በሉት።»

ፎቶውና ናሙናው ተወስዶ ስላለቀ ዑመይር አንድ ነገር ለመነ። ሸህ ኡበይድ እስከ መቃብሩ መራመድ አይችሉም፤ በቀይዋ መኪና ልውሰዳቸው አለ። ወለተጊዮርጊስ ፈቀደች። ሀያቱ መኪናዋን አንሥቶ ታኮዎቹን አንድ በአንድ አስገባ። ገብቶም መጀመሪያ የላይኛውን ቡሎን ፈታ። ከእሽጉ በተረፈው ዘይት ሞልቶ ሲጨርስ፣ በሀቢቡ ብሩሽ ሁለት ቢጫ መስመሮች አሰመረ። እያለቀሰ ስለነበር አንዱ መስመር ጠመመበት።

ዐስር ተሰገደ። ሬሳው በወንዶች ትከሻ ላይ ሆኖ ጉዞ ጀመረ፤ ቀይዋ መኪና ከኋላ በዝግታ ተከተለች። ሴቶች መቃብር ስለማይሄዱ ሰፍያ በሩ ላይ ቀረች። ወለተጊዮርጊስም ትታት መሄድ አልሆነላትም።

ሰልፉ ከጋራዡ ወዲያ ያለው ጠባብ መታጠፊያ ጋ ደረሰ። ሕፃናቱ ሲስቁ የከረሙት እዚያ ነበር። ሰፍያ ጆሮዋን ሰጠች። መኪናዋ አፍንጫዋን አዞረች፣ ታጠፈች፣ ከዓይን ተሰወረች።

«ሰሙት፣ እትዬ?»

«ምንም አልሰማሁም፣ ልጄ።»

«አዎ» አለች ሰፍያ፤ ከጠዋት ጀምራ ያፈነችው ለቅሶ ያን ጊዜ መጣ። «እሱ ነው የሠራት።»